ሁለተኛው ሳልባትዮ

መኪናው ከጦር ሠራዊት የተወገደ፣ ባለ ስድስት ጎማ፣ የሩሲያ ሥራ ነበር። በወጣትነቴ ታፍሼ በግድ ስዘምት መንዳት የተማርኩት እንደዚህ ዓይነቱን ነው። ጋቢናው ውስጥ ያለው ማሳሰቢያ በሙሉ በሩሲያኛ ነበር የተጻፈው፤ ያኔ ለእኔ አማርኛውም ሩሲያኛ ስለነበር ከጓደኞቼ በምንም አላንስም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ አረፍተ ነገሬ ቢያንገጫግጫችሁ መንገዱ ነው ብላችሁ እለፉ። ማሳመር አልችልበትም። ብችልበትም አላሳምርም።

የገዛሁት በካሳ ነው። ቡራዩ ላይ የአባቴ መሬት ለባለሀብት ሲሰጥ፣ ካሳ ብለው የወረወሩልንን ከወንድሞቼ ጋር ተካፈልን። አንዱ ቤት ሠራበት፣ አንዱ ጠጣው። እኔ ጨረታ ገብቼ ብረት ገዛሁበት። ከዚያ ቡራዩ ካለው የድንጋይ ካባ እየጫንኩ ማመላለስ ጀመርኩ። አባቴ ያርሰው የነበረው ቦታ ላይ ለቆሙት ቪላዎች መሠረት የሆነውን ድንጋይ ያራገፍኩት እኔ ነኝ። ይሄን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔ ስቄበት አላውቅም።

አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ወሬው ሲነሳ አልደነገጥኩም። እኛ ቤት ፕላኑ ከደረሰ ቆይቷል፤ ስሙን ነው ያልነገሩን። ለወጣቶቹ ግን ገና መምጣቱ ነበርና ተነሱ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ በየተራ፣ አንዳንዴም በአንድ ላይ ይዘጋሉ። ድንጋይ ይደረደራል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ወታደር ይመጣል፣ ሰው ይሞታል። ከዚያ ጸጥ ይልና ሱቅ ይከፈታል፤ ደግሞ እንደገና ይጀመራል። በዚያ ሰሞን ከባድ መኪና ያለው ሰው ከሁለት ወገን ነው የሚፈራው። ወታደሩ ምን ጭነሃል ይልሃል፤ ወጣቱ ለማን ጭነሃል ይልሃል።

ታላቅ እህቴ ከሱሉልታ ከተማ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ወፍጮ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ነው የምታስተዳድረው። ወፍጮው በናፍታ የሚሠራ አሮጌ ነገር ነው፤ አካባቢው መብራት ከገባለት ወዲህ ሰው ወደ መብራቱ ወፍጮ ሄዶባት እሷ ጋ የሚመጣው የቸኮለና የተጣላ ብቻ ነበር። በግርግሩ ሰሞን ምሰሶ ወድቆ መብራት ጠፋ። ጠጋኞቹ መንገድ ተዘጋብን አሉ፣ ቀሩ። የእህቴ ወፍጮ ብቻውን ቀረ። እሱም ናፍታ የለውም፤ ማደያዎቹ በጄሪካንና በበርሜል እንዳይቀዱ ተከልክለዋል። ቀድታችሁ ታቃጥላላችሁ ነው ነገሩ።

እህል በየጎተራው ሞልቶ ዱቄት የጠፋበት ሰሞን ያ ነው። ጠዋት ንፍሮ፣ ማታ ቆሎ። ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ምን እንደሚበላ አስቡት።

እህቴ ደወለች።

«ናፍታ ታመጣልኛለህ» አለችኝ። ልብ በሉ፣ አልጠየቀችኝም።

«በምን? በጄሪካን አይቀዱም።»

«ያ መኪናህ ሆድ የለውም?»

«የመኪናው ሆድ ለመኪናው ነው። አንቺ ጋ ደርሶ ቢመለስ ነው። ይሄ መኪና አይጠጣም እትዬ፣ ይውጣል።»

«እንግዲያው ሁለት ሆድ አድርግለት።»

«መኪና ነው እኮ፤ በሬ አይደለም።»

«በሬ አራት አለው። አንተ ሁለት ማድረግ ያቅትሃል?» አለች። መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች፤ «ለቅዳሜ እህላችሁን አምጡ ብያለሁ።»

«ለማን ነው ያልሽው?»

«ለሁሉም።»

«ማን ቃል ግቢ አለሽ?»

«ወንድም አለኝ ብዬ ነዋ» አለችና ዘጋችው።

ደግ ሰው አይደለሁም። የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። ግን ቅዳሜ ያ ሁሉ ሰው ጆንያውን ተሸክሞ መጥቶ ባዶ እጁን ቢመለስ ውሸታም የምትባለው እህቴ ናት፤ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ለእሷ ደግሞ ነገሩ ከስድብም ያልፋል። አንዴ እንዲህ ያዋረደቻቸው ሰዎች መብራት ሲመጣ ተመልሰው ደጇን አይረግጡም። ያ ወፍጮ ከቆመ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ስለዚህ ወሰንኩ፤ ናፍታው ይደርሳል።

በርሜል ጭኖ ሸራ ማልበስ ቀላል ነበር። እንደዚያ ያደረጉ ተይዘው መኪናቸውም እነሱም ገብተዋል። ለመሸወድ ለስላሳ ምላስ ያስፈልጋል፤ የእኔ ምላስ ግራዋ ነው። እኔ የፈለግኩት ሲጠይቁኝ እውነቱን የምናገርበትን ነገር ነው። ሠራዊት ሳለሁ ከእነዚህ መኪኖች አንዳንዶቹ ግራና ቀኝ ሁለት ሳልባትዮ፣ ማለትም የናፍታ ማጠራቀሚያ፣ ነበራቸው። የእኔ በግራ በኩል ያለው ብቻ ነው የቀረው። በቀኝ ሌላ ተገጥሞለት፣ በቱቦ ተያይዞ፣ ሞተሩን የሚመግብ ከሆነ በርሜል አይደለም፤ የመኪናው አካል ነው። ማደያውም ይሞላዋል። ታች በኩል አንድ ቧንቧ ቢኖረው ደግሞ ማንን ይጎዳል?

ሰበታ አንድ በያጅ አውቃለሁ። ከደቡብ ለፋብሪካ ሥራ የመጣ ጴንጤ ነው። ፋብሪካው ተዘግቶበት የተከራየው ቤት በር ላይ የውሃ ጋን ማስቀመጫና የመስኮት ብረት ይበይድ ነበር። ከወዳደቀ መኪና ላይ የተነቀለ ሳልባትዮ ፈልጌ፣ ጭኜ ሄድኩ።

ሳልባትዮውን በጣቱ እያንኳኳ አዳመጠው። «ጋሼ፣ ይሄ ለምንድነው?» አለኝ።

«ለናፍታ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ኮንትሮባንድ ከሆነ አልነካውም። ጌታ ያያል።»

«ጌታ ብቻ አይደለም፤ ወታደርም ያያል። ለወፍጮ ነው» ብዬ ነገሩን ነገርኩት።

ንፍሮ ስለው ሳቀ። እነሱም ቤት ሰሞኑን ያው ነው። ሥራውን ጀመርን። መጀመሪያ በሳሙናና በፈላ ውሃ አጠብነው፤ ከዚያ እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ የምትበየደዋን ቦታ ብቻ ባዶ አስቀረ። ውስጡ ጋዝ ካለ እሳቱ ሲነካው ሁለታችንንም ጌታ ጋ ያደርሰናል አለ፤ እሱ ለመሄድ አልቸኮለም። ላሜራ ለጠፈበት፤ ከታች በሻንሲው ውስጠኛ በኩል ቧንቧ ገጠመለት። በቀኝ በኩል በቡሎን አሰርነው። ከሁለቱ ሳልባትዮዎች የሚመጡትን ቱቦዎች አንድ ቫልቭ ላይ አገናኘናቸውና ቫልቩን ከሹፌሩ ወንበር ሥር አወጣነው። እጀታው ወደ ግራ ሲዞር ከግራው ይስባል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ከቀኙ።

«መመለሻውስ?» አለኝ በያጁ።

የናፍታ ሞተር ነገር እንዲህ ነው። ፖምፓው ከሚያስፈልገው አብልጦ ይስባል። ሞተሩ ያልተጠቀመበት ናፍታ በሌላ ቱቦ ወደ ሳልባትዮው ይመለሳል፤ መመለሻ የሚባለው እሱ ነው። ሁለት ሳልባትዮ ከተገጠመ መመለሻውም የራሱ ቫልቭ ያስፈልገዋል፤ ከቀኝ ስቦ ወደ ግራ እንዳይመልስ። እኛ ያለን ቫልቭ አንድ ብቻ ነው። መለዋወጫ ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተዋል።

«መመለሻው በግራው ይቅር» አልኩት። «የምነዳው በግራው ነው። ቀኙ የወፍጮው ነው፤ እስክደርስ አልነካውም።»

«ከነኩትስ?»

«አልነካውም አልኩህ።»

ትከሻውን ነቀነቀና መዝሙር እያንጎራጎረ ሥራውን ቀጠለ። አየሩን ከቱቦዎቹ አውጥተን ሞተሩን አስነሳሁት። በግራው ሠራ። በቀኙም ሠራ። አጠፋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከባድ መኪና ከተማ ውስጥ የሚከለከልበት ሰዓት ሳይደርስ ማደያ ገባሁ። ቀጂው ግራውን ሞልቶ መቅጃውን ሊሰቅል ሲል ቀኙን አሳየሁት።

«ይሄ መኪና ነው ግመል?» አለኝ።

«በረሃ ነው የምሄደው፤ ሙላ።»

ሁለቱም እስከ አፋቸው ሞሉ። አዲሱ ገበያን አልፌ የእንጦጦን ዳገት በከባድ ማርሽ እያጓራሁ ወጣሁ። ላይ ስደርስ ፍተሻ አለ። አንድ ወታደር እጁን ዘረጋ፤ ከልጄ ብዙም የማይበልጥ ነው።

«አባት፣ ይውረዱ» አለኝ። ወረድኩ። «ምን ጭነዋል?»

«ምንም። ካሶኒው ባዶ ነው፤ እየው።»

«ወዴት ነው?»

«እህቴ ጋ፤ ከሱሉልታ ወዲያ።»

«በባዶ መኪና? ናፍታ እየፈጁ?»

«የራሴ ናፍታ ነው።»

መኪናውን ዞረው። ቀኝ በኩል ሲደርስ ቆመ። ሳልባትዮውን በዱላ መታው፤ ሞልቷልና ድምፁ ድፍን አለ። ብየዳው ገና ቀለም አልጠገበም።

«ይሄ አዲስ ነው» አለኝ።

«አዲስ ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ሞተር ይመግባል።»

«ውሸት» አለኝ።

ውሸት ሲለኝ ደስ አለኝ። ሰበታ ድረስ የሄድኩት ለዚህች ቃል ነው። ና ግባ ብዬ ጋቢናው ውስጥ አስገባሁትና ቫልቩን አሳየሁት፤ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ሞተሩ እየሠራ ነው።

«ቱቦው ውስጥ በቀረው ነው የሚሠራው» አለ። ሞኝ አልነበረም።

«እንጠብቅ» አልኩት።

ጠበቅን። እሱ አገሩን ነገረኝ፤ እኔ የእኔን አልነገርኩትም። ሞተሩ አልጠፋም። በመጨረሻ ወረደና በሩን ደግፎ፣ «እሺ። በዚሁ በቀኙ ይሂዱ። ሲመለሱ አየዋለሁ። ጎድሎ ካላገኘሁት በርሜል ነው ማለት ነው» አለኝ።

ቁልቁለቱን ወረድኩ። ከኩርባው በኋላ ቫልቩን መመለስ እችል ነበር፤ ግን ከፊቴ ሌላ ፍተሻ ካለ ይህንኑ ትያትር ሊያሠሩኝ ነው። የቀረችኝ ትንሽ ርቀት ነች፣ ምን ያህል ብትጠጣ ነው ብዬ ተውኩት። መመለሻው ከአእምሮዬ ወጥቷል። በያጁ የጠየቀኝ፣ እኔም እንደ አዋቂ የመለስኩለት ነገር በወታደሩ ሳቢያ ከጭንቅላቴ ተኖ ጠፋ።

ሱሉልታ ከተማን ሳልፍ ሰዎች እጃቸውን ያወራጩብኛል። አንዲት ሴት መኪናዬን እያመለከተች ጮኸች። በዚያ ሰሞን ከባድ መኪና ያየ ሁሉ ይጮኻል፤ የባለሀብት ጭነት ያመላልሳሉ ብለው ይረግሙናል። ዕድሜ ልኬን ስረገም ኖሬያለሁ፣ አንገቴን አላዞርኩም። የናፍታ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው እንኳ እጄ ነው አልኩ።

ከከተማው ከወጣሁ በኋላ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ስድስት ሰባት ወጣቶች ናቸው። ወዲያ ማዶ ጎማ ከምረው ሊያቀጣጥሉት ይታገላሉ፤ ሌሊቱን ዘንቦበት ጭሱ ብቻ ነው የሚወጣው። ቆምኩ። አንደኛው ወደ መስኮቴ መጣ።

«ኦቦ፣ መኪናህ ሽንቱን መያዝ አቅቶታል» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ።

ስድብ መስሎኝ ልመልስለት አፌን ከፍቼ ሳለ ወደ ኋላ አየሁ። በመጣሁበት አስፋልት ላይ አንድ ጥቁር እርጥብ መስመር ዓይኔ እስከሚያይበት ድረስ ተዘርግቷል። ዘልዬ ወረድኩ። ከግራው ሳልባትዮ ክዳን ሥር ናፍታ እየተንዶለዶለ በጎኑ ይወርዳል።

ገባኝ። ከቀኙ እየሳብኩ፣ ሞተሩ ያልፈለገውን ሁሉ አፉ ድረስ ወደ ሞላው ግራ እየመለስኩ ነበር። ግራው መያዣ የለውም፤ ይተፋዋል። ከእንጦጦ ጀምሮ የወፍጮውን ናፍታ መንገድ ላይ እያፈሰስኩ መጥቻለሁ። ተመልሼ ገብቼ ቫልቩን ወደ ግራ አዞርኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁ። የቀኙን ክዳን ከፍቼ እንጨት ሰደድኩበት። እንጨቱ ከግማሽ በታች ነው የረጠበው።

ወጣቶቹ ከበውኛል። አንዱ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ነክሮ አሸተተ።

«ናፍታ ነው» አለ። «ጎማው እምቢ ብሎን ነበር፤ ዋቃ ላከልን። ቅዳልን።»

«አልቀዳም።»

«ለምን?»

«ለጎማ አይደለም የመጣው።»

ሌላው፣ ቁመቱ ረዘም ያለው፣ የተማሪ ሹራብ የለበሰ፣ ፊት ለፊቴ ቆመ። «ታዲያ ለማን ነው? ለፋብሪካ ነው? ለአበባ እርሻ ነው? ካልቀዳህ መኪናውን ከነናፍታው እናቃጥለዋለን።»

ቁልፉን አውጥቼ ዘረጋሁለት። «አቃጥል። ግን መጀመሪያ ሂዱና ጆንያችሁን ከወፍጮ ቤት መልሳችሁ ውሰዱ። እህቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

ቁልፉን አልተቀበለኝም። «የቱ ወፍጮ ቤት?»

ነገርኩት። ስለ ሽንት የቀለደብኝ ልጅ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ፤ እናቱ ማለዳ ገብስ አስጭና ወደዚያው ሄዳለች ነው የሚለው። ሹራብ የለበሰው አላመነም።

«ውሸታም ነው» አለ። «ሹፌር አይታመንም።»

«ዛሬ ምን በላህ?» አልኩት።

«ምን አገባህ?»

«ንፍሮ ነው የበላው» አለ ጓደኛው።

«ትናንትስ?»

«ንፍሮ።»

«ነገስ?»

«እሱ ነገ ይጾማል፤ ሆዱ ተነፍቶበታል» አለ ያው ጓደኛው፤ ሹራብ የለበሰውም ሳያስበው ሳቀ። ከሳቀ በኋላ መልሶ መቆጣት አቃተው።

ድንጋዩን ሊያነሱልኝ ሲጀምሩ ግን ሹራብ የለበሰው አስቆማቸውና፣ «እጅህን አጣምረህ አሳየን» አለኝ። እጅን ከራስ በላይ ማጣመር ያኔ የተቃውሞው ምልክት ነበር። እነዚህ ልጆች ገና ሕፃን ሳሉ ነው የእኔ አባት ከመሬቱ የተነሳው። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ጊዜ የለኝም። ናፍታ የሚያንጠባጥብ እጄን አነሳሁና አጣመርኩ። ከፍርሃት ነው የሚል ካለ ይበል። ክንዴን ይዞ የወረደው ናፍታ ብብቴ ድረስ ገባ።

ለአንድ መኪና የምትበቃ ክፍተት አበጁልኝ። አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን ግን በጨርቅ እየመጠጡ ለጎማቸው ወሰዱት። እሱን አልከለከልኩም።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ግቢው ሞልቷል። ሰው በየጆንያው ላይ ተቀምጧል፤ ሦስት አህያ፣ አንድ ባጃጅ። መኪናውን ሲያዩ ተነሱ። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ መጥተው፣ «አካም ቡልታኒ» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ። እጄ ቆሻሻ ነው ብላቸውም ጨበጡኝ።

እህቴ ሰላምታም አልሰጠችኝ። «አረፈድክ» አለችና ባልዲ አቀበለችኝ።

የቀኙን ቧንቧ ከፈትኩ። ናፍታውን በነጠላ ጨርቅ እያጠለልን የወፍጮውን ሞተር ሞላን። ሞተሩ ብዙ ቀን ቆሞ ስለነበር ሁለት ጎልማሶች በእጅ አዙረው አዙረው ነው ያስነሱት። ሲነሳ ሕፃናቱ ጆሯቸውን ያዙ።

እህቴ ከሁሉ ኋላ የመጣችውን፣ ጥቁር የለበሰችውን ሴት በእጇ ጠራቻት። ሴትየዋ ትንሽ ጆንያ ነው የያዘችው። ተራዬ ነው ያለ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም አንዱ ጆንያዋን ተሸክሞ አደረሰላት። ቤቷ ለቅሶ ላይ ነው፤ ድንኳኑ አልፈረሰም፣ ለሚመጣው ሰው የምታቀርበው እንጀራ የላትም። የሞተባት ማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ዱቄቷን ይዛ ስትወጣ ወደ እኔ አየችና፣ «ገለቶማ» አለችኝ፤ አመሰገነችኝ ማለት ነው። እኔ ባልዲዬን አነሳሁ።

ከዚያ በተራ ቀጠለ። ከጆንያዎቹ ገና ግማሹ እንኳ ሳይፈጭ የቀኙ ቧንቧ ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ።

«ይሄ ብቻ ነው ያመጣኸው?» አለችኝ እህቴ።

«የቀረው መንገድ ላይ ነው።»

«ለማን ሰጠኸው?»

«ለአስፋልቱ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምላሷን ትለቅብኝ ነበር። አሁን ግን ወደ ግራው ሳልባትዮ እያየች፣ «ያኛውስ?» አለች።

«እሱ መመለሻዬ ነው። ሰኞ ካባው ላይ ሥራ አለኝ። ያልተገኘ መኪና ቦታው ይያዛል፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች።  ዞራ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አየች። እህቴ ሳትሳደብ ስትቀር አልወድም።

ቆሜ አሰብኩ። ብሄድ ሰኞ ሥራ ላይ እገኛለሁ፤ ድንጋይ እጭናለሁ፤ በሌላ ሰው አባት እርሻ ላይ አራግፋለሁ። እዚህ ደግሞ ግማሹ ሰው ፈጭቶ ግማሹ እንዳልፈጨ ይመለሳል፤ ከተዋረደው ይልቅ የተበለጠው ይብሳል፤ እህቴን ይቅር አይሏትም። ከእንጦጦ ጀምሮ ያፈሰስኩት ናፍታ ደግሞ የእነዚህ የቀሩት ሰዎች ድርሻ ነው። እሺ፣ አልኩ ለራሴ። ይውጣ።

መውጣቱ ግን ቀላል አልነበረም። የግራው ሳልባትዮ ቧንቧ የለውም። ታች ያለው ቡሽ ከዝገቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ ብመታው ይሰነጠቃል። አፉ ላይ ደግሞ ወንፊት አለ፤ ወታደር ከወታደር እንዳይሰርቅ ብለው የሠሩት ነው፣ ጎማ ሰድጄ በአፌ እንዳልመጥጠው አያሳልፍም። ሽማግሌው ቢላ አመጡልኝ። በቢላ የሚበጠስ ወንፊት አይደለም።

ኮፈኑን ከፈትኩና ቱቦዎቹን አየሁ። መመለሻው ቱቦ እዚያው ነው። ያን ሁሉ ናፍታ ያስፈሰሰኝ እሱ ነው። ፖምፓው ከግራው ይሳብ፤ መመለሻው ግን ወደ ግራው አይመለስ። ከሳልባትዮው ነቅዬ ጫፉን ባልዲ ውስጥ ጨመርኩ። ሞተሩን አስነሳሁት። ናፍታው እንደ ጣት ወፍሮ ባልዲው ውስጥ ይወርድ ጀመር።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ መኪና ላም ነው እንዴ? ቆሞ ይታለባል» አሉ። ግቢው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ባልዲው በሞላ ቁጥር አንዱ ተነስቶ፣ «ታለበች» ይላል።

አንዱ ባልዲ ሲሄድ ሌላው ይገባል። ወፍጮውና መኪናው ጎን ለጎን እያጓሩ ሰው በጩኸት ነው የሚነጋገረው። ጆንያ በጆንያ እያለ ሰልፉ አጠረ። እህቴ አንዴ መጥታ ጆሮዬ ላይ፣ «ይበቃል፤ ለመሄጃህ አስቀር» አለችኝ። ስንት ሰው ቀረ አልኳት። አራት አለች። አራቱ ደግሞ ማን ያስፈጭላቸዋል አልኳትና ባልዲውን ቀየርኩ።

የሦስተኛው ሰው ጤፍ ላይ መኪናው ተንገጫገጨ፣ ሳለ፣ ጠፋ። አየር ስቧል። እጀታውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ባዞረው አንድ ነው። በባልዲው ውስጥ ያለው ለመጨረሻዋ ሴት ይበቃል ብዬ ገመትኩ፤ በቃ።

ከመሪው ወርጄ እጄን በጆንያ ጠረግኩ። ካባው ላይ ቦታዬን ሌላ መኪና እንደሚይዘው አውቅ ነበር፤ ያዘውም። ማደያዎቹ በጄሪካን እስኪቀዱ ድረስ መኪናው እዚያው ግቢ ቆሞ ዶሮ አደረበት።

«አሁን በምን ትሄዳለህ?» አለችኝ እህቴ።

«አልሄድም።»

«እንግዲያው ቆመህ አትየኝ» አለችና ባዶ ጆንያ ወረወረችልኝ። «ከታች ያዝ።»

ወፍጮው ዱቄት የሚያወጣበት ቦታ ሄጄ የጆንያውን አፍ ከፍቼ ያዝኩ። ዱቄቱ ትኩስ ነው፤ እጅ ያቃጥላል። ያቺ የመጨረሻዋ ሴት አጠገቤ ቆማ፣ ናፍታ የነካው እጄ ዱቄቷን እንዳይነካባት አንዴም ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቀኛለች።

«ራቅ አድርገህ ያዝ» አለችኝ።

ራቅ አድርጌ ያዝኩ።